ጎጆ ቁጥር ዐሥራ ሰባት

ጦሳን ጉሙን እንደ ተከናነበ ትተነው ወረድን፤
በሐረጎ ጥምዝ ሆዳችን ሲላወስ፣ ጆሯችን ሲደፈን፤
ሹራባችንን በየመታጠፊያው ስናወልቅ
ኮምቦልቻ ደረስን፣ ፀሐይ ስትፈነጥቅ።

ሦስተኛ ዓመቴ ነው። መጋቢት ሲጋመስ እመጣለሁ፤
ግንቦት ሲያልቅ ደብተሬን ጠቅልዬ እመለሳለሁ።
ቀን፣ ሰዓት፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣
ስንት እንቁላል፣ ስንቱ ጠፋ።
ሰው የሚጠይቀኝ ግን ሌላ ነው፦
«ለመሆኑ ይበላል?»

ቦታው ከቦርከና ዳር፣ ነዳጅ ሊጠራቀምበት
ሰፈር የሚያህሉ ሦስት ነጫጭ ጋኖች የሚተከሉበት፤
ጠጠር በገልባጭ መኪና መጥቶ የተነጠፈበት።
ወፏ ሣሩን ትታ ጠጠሩን መረጠች።
ማን ይሙት፣ እኔም ብሆን እመርጠው ነበር፤
እንቁላሏ ጠጠር ይመስላል፣ ጠጠሩም እንቁላሏን፤
ዓይኔን ከድኜ ስገልጥ አጣዋለሁ አሁን ያየሁትን።

በመጽሐፍ ስሟ ረጅም ነው፣ ምላስ ያስራል፤
ዘበኛው ጋሼ ሙሄ ግን «አትንኩኝ» ይላታል።
ክንፏ ክርን ላይ እሾህ አላት፤
በሬ ቢመጣባት ክንፏን ዘርግታ ትቆማለች፣
ውሻ ቢመጣባት የተሰበረች ትመስላለች፤
እያነከሰች፣ መሬት ለመሬት እየተጎተተች
ከጎጆዋ ታርቀውና፣ ብድግ!
ውሻው አፉን እንደ ከፈተ ይቀራል።
«ተንኮለኛ ናት» ይላል ጋሼ ሙሄ፣
ስለ ገዛ ልጁ የሚያወራ ይመስል።

ቀትር ላይ፣ ጠጠሩ ጫማ ዘልቆ ሲያቃጥል፣
ወደ ቦርከና ትበራለች፤
ሆዷን ውሃ ነክራ ትመለሳለች፤
እርጥብ ላባዋን በአራቱ ላይ ታሳርፋለች።
ረዳቴ ጦይባ መጻፏን አቁማ
«እናቴም ትኩሳት ሲይዘኝ…» አለች፤ አልጨረሰችውም።
ደብተሩ ላይ «ሰባት ጊዜ፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት»
ብላ መዘገበች።

መሐንዲሱ ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ነው ብሎ መጻፍ በቀለለኝ።
በየጎጆው ዙሪያ ቀይ ገመድ አስወጥሮልኛል፤
ገልባጩ ዞሮ እንዲያልፍ ሾፌሮቹን ተቆጥቷል።
«አንድም አልጨፈለቅንም፣ ይጻፍልን» አለኝ።
ጻፍኩለት። እውነቱን ነው።
አንዱንም ጎጆ ጎማ አልነካውም።
ከሃያ ሦስቱ ግን ዐሥራ ስምንቱ ባዶ ናቸው።

ሠራተኛው ምሳውን ይበላል፣ ትርፉን ከአጥሩ ማዶ ይደፋል።
ቁራ ሰማ። ቁራ ዘመዱን ጠራ።
አምና ሁለት ነበሩ፤
ዘንድሮ ክሬኑ ላይ ተደርድረው አርባ ሦስት ቆጠርኩ።
ምሳ እስኪደርስ ደግሞ ሥራ አይፈቱም፤
ጠጠር ለጠጠር ይሄዳሉ፣ አንገታቸውን ሰበቅ እያደረጉ፣
ቤት ለቤት እንደሚዞር ግብር ሰብሳቢ።

ይህን ሁሉ ለመሐንዲሱ ነግሬዋለሁ፤
ዛሬ ጧት ያየሁትን ግን ለማንም አልነገርኩም።

ከየጎጆው አምስት እርምጃ ርቄ እንጨት እተክላለሁ፤
እንዳይጠፋኝ ጫፉን ቢጫ ቀብቼ ቁጥር እጽፍበታለሁ።
ዐሥራ ሰባት ቁጥር ላይ ቁራ ቁጭ ብሏል።
ግራ አላየ፣ ቀኝ አላየ።
ወረደና ቀጥ ብሎ ተራመደ፣
ልክ እንደ እኔ፣
ልክ በእኔ መንገድ።

ማንበብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

እንጨቶቹን ነቀልን፣ እኔና ጦይባ፣ ሳንነጋገር።
የቀሩትን አራቱን ከእንግዲህ በልብ መያዝ ነው፦
አንዷ ከተሰነጠቀው ድንጋይ በስተቀኝ፣
አንዷ የጋኑ ጥላ ሦስት ሰዓት ላይ የሚደርስበት…
ጋሼ ሙሄ ዱላውን ተደግፎ ሲያየን ቆየና
«ስሟን ነግሬሽ አልነበር?» አለኝ።

ቅጹ ላይ አንድ ዓምድ አለ፦ «የጠፋበት ምክንያት»።
በዐሥራ ሰባት ትይዩ «ቁራ» ብዬ ጻፍኩ፤
ሰረዝኩት።
ሚኒባሱ ሐረጎን ሲይዝ እርሳሱ እጄ ላይ ነበር፤
በየመታጠፊያው፣ በባዶው ቦታ ላይ፣
መንገዱን የመሰለ ጠማማ መስመር ያሰምር ነበር።